አዲሱ ሸክላ አይዘልም

ሰሞኑን ምን እያናደደኝ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ንጹሕ ድምፅ።

ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለቡሄ ወደ ደብረ ታቦር መጣ። ሻንጣውን ከፍቶ ለእናቴ የጉልበት ቅባት፣ ለአጎቴ የንባብ መነጽር፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ሸክላ አወጣ። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን። ልጅ ሆኜ ቤታችን የነበረው ያው ሸክላ ነው፤ ግን ያው አይደለም። ፈረንጅ አገር እንደገና ታትሞ፣ ድምፁ ታጥቦና ተወልውሎ፣ ሽፋኑ አብረቅርቆ የመጣ ነው። ጠረኑ እንኳ የአዲስ ላስቲክ ጫማ ጠረን ነው።

እንግዳው ከመንገድ ድካም ጋደም ሲል እኔ በሩን ዘጋሁና መርፌውን አስቀመጥኩ። ዐይኔን ጨፈንኩ። ሳክስፎኑ ተነሣ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን አብሬ ማንጎራጎር ያዝኩ። አንድ ቦታ ስንደርስ እኔ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ጌታቸው ግን ወደ ፊት ቀጠለ።

ብቻዬን ቀረሁ። ገበያ መሐል የአባቱ እጅ እንዳመለጠው ልጅ።

የእኛ ሸክላ ይዘላል። ይዘላል ብቻ ሳይሆን፣ የሚዘልበትን ቦታ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል። ሽለላው ግሎ፣ ጀግናው ጎራዴውን መዘዘ በሚያሰኝበት ቦታ ላይ መርፌው እንቅፋት እንደመታው በቅሎ ይደናቀፍና ወደ ኋላ ይመለሳል። ጎራዴው እንደገና ይመዘዛል። እንደገና። እንደገና። ሰው ካልደረሰለት ጀግናው ጎራዴ እንደመዘዘ ይነጋበታል እንጂ ጠላቱ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ማጫወቻው የተቀመጠበት ቡፌ አጠገብ ያለ ሰው ቡፌውን በቡጢ ይመታል፤ መርፌው ይደነግጥና መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የእናቴ ነበር፤ ረከቦቷ የሚዘረጋው ቡፌው ሥር ነውና። ቡና እየቆላች፣ ቀና ሳትል፣ በቀኝ እጇ ደልደል አድርጋ ትመታዋለች። ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

እኛ ልጆቹ ዜማውን የለመድነው ከነዝላዩ ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ፣ አንድ ቡጢ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ማን ልክ አይደለም ይለናል? ሌላ ሸክላ ሰምተን አናውቅ።

የታላቅ እኅቴ ሠርግ ላይ ግን ጉዳችን ወጣ። ሙሽራው የጋይንት ሰው ነው፤ እኛ ፋርጣዎች ነን። ሞቅ ሲለን እኛ የሴት ወገኖች ያቺን ዜማ በአፋችን አነሣናት። ቦታው ላይ ስንደርስ ሁላችንም፣ ማንም ሳያዘን፣ ሦስት ጊዜ ተመለስን፤ አንዱ አጎቴም ለማስቀጠል ጠረጴዛውን መታ። ከወንድ ወገን አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ “የፋርጣ ሰው ሲሸልል ይንተባተባል እንዴ?” አሉ። እኅቴ ይህንን ነገር ባሏ በተቆጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ትሰማዋለች።

ሸክላውን የገዛው አባቴ ነው። አስተማሪ ነበር። ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ወርዶ፣ ሲመለስ ጃንጥላና ሸክላ ይዞ መጣ። ጃንጥላው እናቴ ያዘዘችው ነው፤ ሸክላውን ማንም አላዘዘውም። ከደመወዙ ስንት እጅ እንደወሰደ እናቴ ታውቃለች፤ አባቴ ካረፈ ስንት ዓመቱ፣ እሷ ግን ሒሳቡን ገና አልዘጋችም። ማጫወቻው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ጌታቸውም ይደክማል፤ ሽለላው ወደ ሙሾ ይለወጣል። ያኔ ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ እንደ በርበሬ።

ስለ ጌታቸው መኩሪያ ትንሽ ልበል። (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ ሸክላ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ሽፋኑ ላይ ለተጻፈው መገዛቱ አይቀርም።) በ1935 ይፋት ተወለደ። በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ጀመረ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠራ፣ ፖሊስ ኦርኬስትራም ገባ። ትልቁ ሥራው ግን ሌላ ነው። አዝማሪና ፎካሪ በጉሮሮው የሚሠራውን ሽለላ ወስዶ ፈረንጅ በሠራው ቱቦ ውስጥ አስገባው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ሲወጣ ሙዚቀኛ ነው ወይስ ዘማች፣ ለመለየት ያስቸግር ነበር። የ1972ቱን የፊሊፕስ ሸክላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ‘ኢትዮፒክስ’ በሚባለው ተከታታይ ሲዲው 14ኛ ቁጥር አድርጎ በ2003 አወጣው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ጌታቸው ዘ ኤክስ ከሚባሉ ፓንክ ከሚጫወቱ ሆላንዶች ጋር ገጠመና በ2006 ‘ሞአ አንበሳ’ን ሠራ። በ2016 አረፈ። ሰባ ዓመት የሞላው የይፋት ሰው የሆላንድን ፓንክ ሲያሸልል አስቡት። እኛ ደብረ ታቦር ያንኑ ጎራዴ ሦስተኛ ጊዜ እየመዘዝን ነበር።

እንግዲህ እኔም ሰብሳቢ ነኝ፤ በትንሹ። 11 ሸክላ አለኝ። ሁሉም የድሮ የአገራችን ሥራዎች፣ ሁሉም በውጭ አገር እንደገና የታተሙ፣ ሁሉም በሰው ሻንጣ የመጡ። ውጭ የሚኖር ሰው ደህንነቴን ሲጠይቀኝ፣ “ደህና ነኝ፤ ሻንጣህ ቦታ አለው ወይ?” ነው መልሴ። ማጫወቻውንም የላከልኝ ያው የአክስቴ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲህ በሚኒባስ፣ በአንዲት እናት ጭን ላይ ተቀምጦ መጣ። ዶሮ ያለበት ካርቶን መስሏቸው ወረታ ሲደርሱ ውኃ ሊያጠጡት ነበር።

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባላል። ከዚህ ተረት የበለጠ ስለ ኢትዮጵያ ሸክላ የተነገረ የለም። እዚህ ዘፍነን፣ እዚህ ነፍተን፣ እዚህ ከበሮ መትተን፣ ሸክላው ፓሪስና ሎስ አንጀለስ መደርደሪያ ላይ ቆሟል። እኛ ስልክ ላይ በተጨመቀ ፋይል፣ ግማሹ ማስታወቂያ በሆነ ነገር፣ ገሉን እንልሳለን።

ለነገሩ ድሮም ቢሆን ሸክላው እዚህ አልተጋገረም። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ ማሳተምና ማስገባት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቸኛ መብት ነበር። መብቱ ነበር፤ ሸክላው ግን ብዙም አይታይም። በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት፣ ሙዚቃ ቤት ያለው፣ ትእዛዙን እንዳላየ ሆኖ አለፈና የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀርጾ ሕንድ አገር አሳተመው። በኋላ ሥራውን ወደ ሊባኖስ አዞረ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ አርባ አምስት የሚባሉ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል ኤልፒ የሚባሉ ትልልቆች አወጣ። ልብ በሉ፤ አንድ የአራዳ ትዊስት ሕንድ ወይም ሊባኖስ ደርሶ፣ ታትሞ፣ ቀረጥ ከፍሎ ነው ፒያሳ የሚመለሰው። ሙዚቃችን ከእኛ በፊት አገር ያየ ነው። ከዚያም በፊት አዝማሪ ተሰማ እሸቴ አለ፤ በምኒልክ ዘመን መኪና ሊማር በርሊን ሄዶ፣ በዚያው ድምፁን ሸክላ ላይ አስቀርጾ የመጣ። መካኒክነቱን ዛሬ የሚያነሣለት የለም።

ይህን ሁሉ የማወራው በሰው ለመፍረድ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ስላለ ነው።

ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ፤ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ። ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው የኋላ ሻንጣ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን የተጫወተበት አንድ ካሴት ነበረው። ዓመታት አልፈው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያንን ካሴት አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ ዓለምን መዞር ጀመረ። አሜሪካዊው ካሴቱን የት ያገኘው ይመስላችኋል? ባሕር ዳር።

ባሕር ዳር! ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር። በዚያ ከተማ ካሴት ቤት ደጃፍ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ? አንዱን ደጃፍ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ጫማዬን ያስጠረግኩት እዚያ ነው። ሊስትሮው ቀና በል እስኪለኝ ድረስ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ጫማው ከስድስት ወር በኋላ ተቀደደ። ሸክላውን በዶላር ገዛሁት።

የአክስቴን ልጅ ልቀጥል። እሱ የሚሰበስበው የእኛን አይደለም። ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባል የእንግሊዞች ነገር ነው። ኪንግ ክሪምሰን፣ የስ፣ ጀነሲስ፣ ፒንክ ፍሎይድ። ቤቱ ውስጥ ለልጆቹ መኝታ ጠቦ ለሸክላዎቹ ግን ክፍል አለ፤ ያውም እርጥበቱ የሚለካ። እኔ ስንት ዘፈን እንዳለው ስጠይቀው እሱ የሚነግረኝ ስንት ሸክላ እንዳለው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አይቀራረቡም። ‘ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን’ የሚባለውን የ1973 ሥራ ብቻ ሰባት ጊዜ ገዝቶታል። የመጀመሪያውን እትም፣ ከዚያ የ30ኛ ዓመቱን፣ ከዚያ የ50ኛ ዓመቱን፣ በመሐሉ ደግሞ ሳጥን ውስጥ የገባውን።

“ያው ዘፈን አይደለም እንዴ?” አለችው እናቴ።

“ያው ነው እትዬ፤ ግን ሪማስተር ነው።”

እናቴ ነገሩን በራሷ መንገድ ወሰደችው። “ገባኝ” አለች፤ “አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። ተዝካር ነው። ሟቹ አንድ፣ ድግሱ ብዙ።”

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የ50ኛ ዓመት እትም በሰማሁ ቁጥር ንፍሮ ይሸተኛል።

ሪማስተር ማለት ምን እንደሆነ ማብራራት የወደቀው በእኔ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ ማብራራት ሲጀምር አማርኛው ያልቅበታል። ሙዚቀኞቹ ስቱዲዮ ውስጥ የሠሩት መጀመሪያ የሚቀመጠው ቴፕ ላይ ነው። ሸክላው ከዚያ ቴፕ ይቀዳል። ሪማስተር የሚያደርገው ሰው ያንን ቴፕ ያገኛል፤ ከጠፋም ከደህና ሸክላ ላይ ይገለብጣል። ጫጫታውን ይቀንሳል፣ የቀጠነውን ያወፍራል፣ የወፈረውን ያቀጥናል፣ ከዚያ አዲስ ቅርጽ ይወጣለትና እንደገና ይታተማል። ጥንቁቆቹ ሲቀርጹ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳሉ፤ ቀጫጭኑ ድምፅ በደንብ እንዲቆረጥ። ሸክላውም ወፍራም ሆኖ በ180 ግራም ይታተማል። ስቲቨን ዊልሰን የሚባል ሙዚቀኛ ደግሞ ይብሳል። የነኪንግ ክሪምሰንን፣ የየስን የድሮ ቴፕ ከፍቶ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ጊታሩን ለብቻ አውጥቶ፣ መልሶ ያዋሕደዋል።

ይህን ስናገር አጎቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው በጥሞና ይሰሙ ነበር። መሪጌታ ናቸው። አዲሱ መነጽር ገና አልለመዳቸውም፤ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጥ እሱ ይመስላል።

“እኔ ምለው” አሉ፣ “ረጅሙ ዘፈናችሁ ስንት ይፈጃል?”

የአክስቴ ልጅ ኮራ ብሎ የየስን የ1972 ሥራ ጠራ። የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ የሚይዝ አንድ ዘፈን፤ ከ18 ደቂቃ በላይ።

“አሥራ ስምንት ደቂቃ” አሉ አጎቴ። መነጽሩን አውልቀው ጠረጉት። “እኛ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ገና ጉሮሯችንን እየጠረግን ነው።”

አልዋሹም። አቋቋም ሲቆም ያዩ ያውቃሉ። ያው ቃል በቁም ይባላል፤ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮ ገብቶ ይረገዳል፤ ከዚያ ጽፋት ይመጣና ካህናቱ ከነሻሻቸው መሬት ይለቃሉ። ከማታ እስከ ንጋት። እንግሊዞቹ ይህን በኤሌክትሪክ ጊታር ሲደርሱበት አዲስ ነገር አገኘን አሉ።

ሪማስተሩም ቢሆን አጎቴን አላስደነቃቸውም። “ይህማ ቤተልሔም ነው” አሉ። ጋይንት ያለችውን ቤተልሔም ማለታቸው ነው። የድጓ ተማሪ የትም ይማር የት፣ ጎጃምም ይሁን ትግራይ፣ መጨረሻ ላይ ቤተልሔም ሄዶ የኔታ ፊት ያስመሰክራል። ከየመንደሩ ያጠራቀመው ስሕተት እዚያ ይነቀላል። የዜማ ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል፤ ዜማው ሊጠፋ ሲል። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ከምልክቱ፣ ምልክቱ ከየኔታ ጆሮ አያመልጥም።

“ታዲያ እርስዎስ ስሕተት ነበረብዎት?” አልኳቸው።

“አንድ ነበረችብኝ። የመጀመሪያው አስተማሪዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዲት ቦታ ላይ ወደ ላይ የሚወጣውን ወደ ታች ያወርዱት ነበር። የቤተልሔሙ የኔታ ሰሟት። አንድ ክረምት ሙሉ ነቀሏት።”

“ነቀሏት?”

አጎቴ ዙሪያቸውን አዩ፤ እናቴ ጓዳ ነበረች። “ብቻዬን ስሆን” አሉ ዝቅ ብለው፣ “ደግሞ ትንሽ ጠላ ቢጤ ከቀመስኩ፣ ያኔ ወደ ታች አወርዳታለሁ።”

ከስብስቤ ውስጥ አጎቴ የሚወዱት አንዱን ብቻ ነው፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ። እማሆይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ሳሉ የቆሎ ተማሪዎቹን ችግር አይተው፣ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙት ችግረኞችን ለመርዳት ነው። አጎቴ በዚያው ጊዜ ጎንደር ውስጥ ደበሎ ለብሰው ቁራሽ ይለምኑ ነበር። “ያዩት የእኔን ረኀብ ሳይሆን አይቀርም” ይላሉ። ሸክላው አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ በሰፊው እንደተሸጠ ከነገርኳቸው ወዲህ ደግሞ፣ “የረኀቤን ድርሻ ጠይቅልኝ” ማለት ጀምረዋል።

አሁን ወደ አሮጌው ሸክላችን ልመለስ። የአክስቴ ልጅ እንደመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነበር። “ኦሪጅናሉ የታለ?” አለኝ፤ ዐይኑ በርቶ።

ጓዳ ወሰድኩት። እናቴ ለበዓሉ የጠመቀችው ጠላ ጋን ውስጥ አለ። ጋኑ ላይ ኦሪጅናሉ አለ። ከድኖታል። ማጫወቻው ከተበላሸ ወዲህ እናቴ የምታውቀው ከዚህ የተሻለ ክዳን የለም፤ ልክ ነው፣ አይቆረቁርም፣ ደግሞ መሐሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ጠላውን ታስተነፍሰዋለች። ሸክላ በሸክላ ላይ። የፊሊፕስ ምልክት በጌሾ ወይቦ አሁንም ይነበባል።

የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የሆነ ቦታ ዋጋ ፈለገ። ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን ለእናቴ አሳያት። እናቴ ቁጥሩን አይታ ወደ ጋኑ ዞረች፤ ከዚያ ወደ እሱ።

“ታዲያ ጋኑን በምን ልክደን?”

በአዲሱ ሸክላ ሊለውጣት ፈለገ። አንሥታ አሸተተችው። “ጠላዬን ላስቲክ ላስቲክ ሊያሰኝብኝ ነው” ብላ መለሰችለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። አባቴ ቁርጥማት ነበረበትና በየዓመቱ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይወርድ ነበር፤ ጉማራ ወንዝ ዳር። በአንዱ ዓመት፣ ሸክላው ገና አዲስ ሳለ፣ ሁለት ሳምንት ቆየ። ሲሄድ ማጫወቻውን ማንም እንዳይነካ ብሎ ነበር፤ በዚህም እንድነካው አስታወሰኝ። ነካሁት። መርፌው ተሰበረ። ደብረ ታቦር ውስጥ የሸክላ መርፌ ከየት ይመጣል? ልብስ ሰፊው ጋ የልብስ መርፌ አለ፤ ጤና ጣቢያ ሌላ መርፌ አለ፤ የሸክላ የለም። አጥሩ ላይ ግን አጋም አለ። ከአጋሙ ደህና እሾህ መረጥኩ፣ በሙጫ አጣበቅኩት፣ ሸክላው ላይ አስቀመጥኩት። ድምፅ አልሰጠም። ጫን አልኩት። በደንብ ጫን አልኩት።

(ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ሳነብ፣ በድሮው ባለ 78 ዙር ሸክላ ዘመን ፈረንጆችም የቁልቋል እሾህ እንደ መርፌ ይጠቀሙ እንደነበር አገኘሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ አደርኩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሸክላው ነው ዘመኑን የሳተው።)

አባቴ ተመለሰ። መርፌው ተሰብሮ ሲያየው እኔ በድመቷ አሳበብኩ። ጎንደር ለሚሄድ ሰው አዝዞ አዲስ መርፌ አስመጣ፣ አስቀመጠው፣ ጀግናው ጎራዴውን መዘዘ፣ እንደገና መዘዘ። አባቴ መርፌውን ጠረጠረ፤ ነጋዴውን ጠረጠረ፤ የመርፌው ክንድ ላይ አምስት ሳንቲም ጭኖ ሞከረ። የዝላዩ ነገር በተነሣ ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ደግሞ እኔ ነበርኩ። “ምን ዓይነት ሌባ ነጋዴ ነው!” እል ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እኔ ነኝ። አባቴ ሳያውቅ አረፈ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር፤ ንስሐው ስንት ስግደት እንደሚሆን ስላልታወቀኝ።

የቡሄ ዕለት ማታ ነው። ዝናቡ የጉናን ተራራ ሸፍኖ ወደ ከተማው ወርዷል። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ሙልሙላቸውን ይዘው ሄደዋል፤ ጅራፍ አልፎ አልፎ ይጮኻል። የአክስቴ ልጅ ሸክላው ለቤተሰቡ ይሰማ አለ። እናቴ ተቃወመች። “በፍልሰታ ዘፈን?”

ሁላችንም ወደ አጎቴ ዞርን። አጎቴ ነገሩን መረመሩ። “ግጥም አለው?” አሉ። የለውም አልናቸው። “ሴት አለችበት?” የለችም። “እንግዲያ ሽለላ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም” ብለው ፈረዱና ወንበራቸውን ወደ ማጫወቻው ሳብ አደረጉ።

ማጫወቻው የተቀመጠው ያው ቡፌ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከጎረቤት አናጢ ውኃ ልክ ተውሶ ቡፌውን አስተካከለ፤ በአንዱ እግር ሥር ካርቶን ሸጎጠ። እንዳንራመድ ነገረን። እንዳናስል ነገረን። ሸክላውን በሁለት መዳፉ ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ እንደ አራስ ልጅ፣ አስቀመጠው። እናቴ ቡፌው ሥር ረከቦቷን ዘርግታ ቡና እየቆላች ነው።

ሳክስፎኑ ተነሣ። ጥርት ያለ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ በልጅነቴ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ውስጡ ነበር። ከሳክስፎኑ ጀርባ መሣሪያዎች አሉ ለካ። የነፊው ትንፋሽ ይሰማል። አጎቴ በመቋሚያቸው መሬቱን ቀስ አድርገው ይነካሉ። የአክስቴ ልጅ እንባው ቀረብ አለ።

እኔ የማየው እናቴን ነው። ቦታው እየቀረበ ነው። አፌን ያዝኩ። ሽለላው ጋለ፤ ጀግናው እጁን ወደ ሰገባው ሰደደ፤ ጎራዴው ተመዘዘ።

እናቴ ቀና አላለችም። በግራ እጇ ቡናውን እያመሰች፣ ቀኝ እጇን አንሥታ ቡፌውን ደልደል አድርጋ መታችው።

መርፌው ተነሣ፣ አረፈ፣ ሸክላው ላይ ኪሪሪሪጭ ብሎ ተንሸራተተ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጎራዴው እንደገና ተመዘዘ። እንደገና። እንደገና።

“አሃ!” አሉ አጎቴ፤ “አሁን ገና እሱ ሆነ።”

የአክስቴ ልጅ እንደ እሳት አደጋ ዘሎ መርፌውን አነሣ። የስልኩን መብራት አብርቶ ሸክላውን ወደ ጣሪያው፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ አገላበጠ። ጭረቱ ይታያል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ልክ እንደ ድሮው። ማንም አልተናገረም። ውጭ ጅራፍ ጮኸ።

እናቴ ቡናውን አውርዳ፣ ጢሱን በየተራ አሸተተችን። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

“ያኛውን እንኳ በአጋም ነው የጫርከው” አለችኝ። “ይኼን እኔ ነኝ፤ ደግሞ በድመቷ እንዳታላክክ።”